የመስክ ትምህርት በኅብረተሰብ ጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያለው ዋጋ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በሚቀጥለው ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና በአሜሪካ መንግሥት የቴክኒክ እርዳታ የተቋቋመ ሲሆን፣ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚኒቲ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር። በአገሪቱ የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ከዚያ 10 ዓመት ቆይቶ በ1964 ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ ሐኪም ማስተማር ከመጀመሯ በፊት የጤና መኮንን ያስተማረች አገር ናት ማለት ነው። ይህ የዘመን ቅደም ተከተል ብቻ አይደለም፤ ከበሽተኛው አልጋ አስቀድሞ በሽታው የሚፈልቅበትን ረግረግ፣ ምንጭና ቤት መመልከት ይገባል የሚል የትምህርት ምርጫም ነበር።

ያ ምርጫ ዛሬ በኅብረተሰብ ጤና የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ምን ያህል እንደ ቀረ መመርመር ተገቢ ነው። ጉዳዩ የጤና ባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሥርዓተ ትምህርት በዓላማው ገጽ አንድ ነገር፣ በምዘናው ገጽ ሌላ ነገር ሲናገር ምን እንደሚከተል ለማየት ለመምህራንና ለትምህርት ፕላን አውጪዎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

የጎንደሩ ትምህርት ጥንካሬ በኮርሶቹ ዝርዝር ላይ አልነበረም። የአካል ጥናት፣ የመድኃኒት ጥናት፣ የውስጥ ደዌ፣ የማዋለድ ሥራ በየትኛውም ተመሳሳይ ተቋም የሚሰጡ ናቸው። ልዩ ያደረገው የቡድን ሥልጠና የተባለው ክፍል ነበር። በትምህርታቸው መጨረሻ ሦስቱ ዓይነት ሠልጣኞች እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ የማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች አብረው ይወርዳሉ፤ በአንድ አካባቢ ሕዝብ መካከል ተቀምጠው አንዱን ችግር በየሙያቸው ይመለከቱታል። ተቅማጥ ይዞት የመጣ ሕፃን ለጤና መኮንኑ የሰውነት ፈሳሽ ማለቅና የመተካት ጉዳይ ነው። ለኮሚኒቲ ነርሷ ደግሞ እናቲቱ ጡት የምታጠባበትና ምግብ የምታዘጋጅበት ሁኔታ ነው። ለሳኒተሪያኑ ከብትና ሰው በጋራ የሚጠጡበት ምንጭ ነው። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲነጋገሩ ሕፃኑ «አንድ በሽተኛ» መሆኑ ይቀርና አንድ መንደር ይሆናል። ይህን በክፍል ውስጥ በንግግር ማስተማር አይቻልም፤ በጋራ ሠርቶ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

ያለፈውን ዘመን ማመስገን ግን ቀላል ነው። የጎንደር ተመራቂዎችም ቢሆኑ በየአውራጃው ሲመደቡ ከጤና ጣቢያቸው በር የማያልቅ የሕሙማን ሰልፍ ጠበቃቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ በኋላ ወደ ሕክምና ትምህርት ተሻግረዋል። ሕዝቡም ቢሆን «ሐኪም» ብሎ ጠራቸው እንጂ የጤና ጥበቃ ሠራተኛ አላላቸውም። የሙያው ስም አንድ፣ የሙያው ቀን ሌላ የመሆኑ ችግር ከመነሻው የነበረ ነው። ልዩነቱ ያኔ ትምህርቱ ይህን ስበት ለመቋቋም የተዘጋጀ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ቢነገር ይበቃል። ኮሌጁ በ1961 በተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ሥር ገባ። የጤና መኮንኖች ሥልጠና በ1970ዎቹ ውስጥ ተቋረጠ፤ በ1978 ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር በጎንደር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። በዚያው ዓመት በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት የመጀመሪያ ደረጃ የጤና አገልግሎትን ለዓለም ያወጁ መሆናቸው የታሪክ ምጸት ነው። በ1983 የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲከፈት ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት መርሑ አድርጎ ተነሣ፤ ተማሪዎቹም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ በየቀበሌው እየተመደቡ ችግር እንዲለዩ፣ እንዲያቅዱና እንዲሠሩ ተደረገ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና መኮንኖች ሥልጠና እንደገና ተጀመረ። በ2005 ደግሞ 5,000 የጤና መኮንኖችን በአጭር ጊዜ ለማፍራት የተፋጠነ ፕሮግራም ታወጀ፤ ለብዛቱ ሲባል ሆስፒታሎች የማስተማሪያ ቦታ እንዲሆኑ ተደረገ። ፕሮግራሙ በቁጥር ረገድ የሚነቀፍ አይደለም። ባለሙያ ያልነበራቸው ወረዳዎች ባለሙያ አግኝተዋል። ነገር ግን ተማሪ የሚቀረጸው በሚያድርበት ቦታ ነው፤ በሆስፒታል የሚያድር ተማሪ ደግሞ በአልጋ ቁጥር ማሰብን ይለምዳል።

በሌላው ዓለም መንገዱ የተለየ ነበር። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ የጤና አጠባበቅ ትምህርት ቤት በ1916 ከተቋቋመ ጀምሮ የሕዝብ ጤና በአብዛኛው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሆኖ ቆየ። ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሕዝብ ጤና ትምህርት የማግኘት ዕድል ሊኖረው ይገባል የሚል ምክር ከአገሪቱ የሕክምና ኢንስቲትዩት የመጣው በ2003 ነው። በዚያ ዲግሪውን የሚወስደው ተማሪ በሽተኛ አያክምም። በኢትዮጵያ ግን ያክማል፤ የጤና ጣቢያ ኃላፊም ይሆናል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ የኮርስ ዝርዝር እንዳለ ቢገለበጥ አይጠቅምም። የራስን ችግር በራስ ሚዛን መመዘን ግድ ነው።

አሁን ያለው ሥርዓተ ትምህርት በሁለት እግሩ ይቆማል። በአንድ ወገን ኤፒዴሚዮሎጂ፣ ስታትስቲክስ፣ የአካባቢ ጤና፣ ሥነ ምግብ፣ የጤና ትምህርት፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር አሉ። በሌላ ወገን የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምና፣ የማህፀንና የፅንስ ሕክምና አሉ። የመስክ ትምህርትም በስሙ አለ። የዓላማው ገጽ ሲነበብ ተመራቂው «የኅብረተሰቡን የጤና ችግር ለይቶ፣ ከኅብረተሰቡ ጋር መፍትሔ የሚሻ» ባለሙያ እንዲሆን ይጠበቃል የሚል ሐሳብ በልዩ ልዩ ቃላት ተደጋግሞ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም።

ችግሩ የሚጀምረው ነጥብ ሲሰጥ ነው። የክሊኒክ ትምህርት የሚመዘነው መምህሩ በሽተኛው አጠገብ ቆሞ ተማሪው ሲጠይቅ፣ ሲዳስስ፣ ሲያዳምጥ እያየ ነው። የተሳሳተ እጅ ወዲያው ይታረማል። የመስክ ትምህርት ግን የሚመዘነው ከመስክ በተመለሰ ጥራዝ ነው። መግቢያ፣ ዘዴ፣ ሠንጠረዥ፣ ማጠቃለያ ተጠርዞ ይቀርባል፤ ነጥቡ ለጥራዙ ይሰጣል። ተማሪው ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር እንዴት እንደ ተነጋገረ፣ ያልገባትን እናት እንዴት እንዳስረዳ፣ ሽማግሌዎቹ ሲቃወሙት ምን እንዳደረገ ያየው መምህር ብዙውን ጊዜ የለም። በአንድ አውቶቡስ ለወረዱ 60 ተማሪዎች አንድ ተቆጣጣሪ ቢመደብ ሊያይም አይችልም። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ይህ በሽታ የታወቀ ነው፤ የማስተማር ልምምድ ላይ ያለ ዕጩ መምህር ተቆጣጣሪው በሚመጣበት ቀን ብቻ የሚያምር የትምህርት ዕቅድ ይዞ ይጠብቃል፤ በሌሎቹ ቀኖች ሰሌዳው ላይ የሚገለብጠው የመማሪያ መጽሐፉን ነው። ሆኖም ተቆጣጣሪው ቢያንስ ክፍሉ ድረስ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ተጨመረ። ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ፣ ከተሰጡት መልሶች አንዱን የሚያስመርጥ ነው። ተመራቂዎችን በአንድ ሚዛን ለመመዘን መሞከሩ በራሱ ተገቢ እርምጃ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች በበዙበት ጊዜ ሕዝቡ ዋስትና ይሻል። ነገር ግን በብሔራዊ ፈተና ውስጥ ያለፈ መምህር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የማይፈተን ምዕራፍ የማይነበብ ምዕራፍ ነው። የምርጫ ጥያቄ የሚመዝነው በአራት መልሶች ሊጻፍ የሚችለውን ነው። የቀበሌ ስብሰባ በአራት መልሶች አይጻፍም።

ነገሩን በአንድ በሽታ ላይ ማየት ይቻላል። በተለምዶ የዓይን ማዝ የሚባለው ትራኮማ ከዓለም አገሮች ሁሉ በኢትዮጵያ የጸና ነው። ተሕዋሲው ከልጅ ወደ ልጅ የሚሸጋገረው በእጅ፣ በጋራ ፎጣና በልብስ ጫፍ፣ እንዲሁም በዝንብ ነው። ዝንቧም በተለይ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። በሽታውን ለማጥፋት የወጣው ስልት አራት ክፍል አለው፤ ለተቀለበሰው የዓይን ፀጉር ቀዶ ሕክምና፣ ለተሕዋሲው መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥያቄ ማውጣት ቀላል ነው። የበሽታው አምስት ምልክቶች ስም አላቸው፤ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን በቁመት እየተለካ መጠኑ ይታወቃል። ሁለቱ የኋለኞቹ ግን ሌላ ዓይነት ዕውቀት ይጠይቃሉ። ውኃ ከየት ይቀዳል? ማን ይቀዳዋል? በቀን ስንት ጊዜ? አንዲት እናት 20 ሊትር ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ አቀበት ከወጣች በኋላ ከዚያ ውኃ ላይ ለልጇ ፊት የምትሰጠው ስንት ነው? የሕፃን ፊት ከአንድ ጣሳ ባነሰ ውኃ ሊታጠብ እንደሚችል ዓይኗ እያየ ያሳያት አለ? የተቆፈረው መጸዳጃ በሁለተኛው ክረምት ሲናድ ማን ይጠግነዋል? እነዚህን ያልጠየቀ ተማሪ ስለ ትራኮማ በተጠየቀ ጊዜ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በሚመደብበት ወረዳ ግን በየዓመቱ መድኃኒት እያደለ በየዓመቱ እነዚያኑ ዓይኖች ያያል።

የሕክምናውን ክፍል እናሳንስ የሚል ሐሳብ ከዚህ ሊወጣ አይገባም። በምጥ የተያዘች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ በተሸከርካሪም ሆነ በቃሬዛ ስትደርስ ስለ ጤና አጠባበቅ ንግግር አይደረግላትም። መንግሥት በ2009 ለጤና መኮንኖች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ የማስተርስ ትምህርት የጀመረውም ይህን ችግር ተመልክቶ ነው፤ የብዙ እናቶችን ሕይወት ማትረፍ የተቻለበት መንገድ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ እርምጃ በየራሱ ትክክል ሆኖ በአንድነት ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲጎትት፣ ፕላን አውጪው የቀረውን ወገን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ለጤና መኮንን ዕድገት ማለት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት ብቻ ከሆነ፣ ጎበዙ ተማሪ ከመስክ የሚሸሸው በስንፍና ሳይሆን በብልህነት ነው።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለጥያቄው ሌላ መልክ ሰጥቶታል። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመድበው፣ ከ30,000 የሚበልጡ ወጣቶች ቤት ለቤት የሚዞሩበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ቤት ለቤት መዞሩ የእነርሱ ሥራ ከሆነ ዘንድ ለባለ ዲግሪው የመስክ ትምህርት ምን ያደርግለታል የሚል ክርክር አልፎ አልፎ ይሰማል። ክርክሩ የተገለበጠ ነው። የጤና መኮንኑ የእነዚህ ሠራተኞች የቅርብ ተቆጣጣሪና ደጋፊ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። አንድም ቀን ከሠራተኛዋ ጋር አቀበቱን ያልወጣ፣ ውሻ ያባረረው፣ በር የተዘጋበት፣ ቡና ጠጣ ተብሎ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ካልሆነ፣ የሚቆጣጠረው ወረቀቷን ብቻ ነው። እርሷም ወረቀቱን አሳምራ መሙላት ትማራለች።

የቋንቋው ጉዳይም በቀላሉ አይታለፍም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመስክ መጠይቁም የሚዘጋጀው በዚያው ቋንቋ ነው። ተማሪው በበሩ ላይ ቆሞ በራሱ ችሎታ ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሲዳምኛ እየመለሰ ይጠይቃል። አሥር ተማሪዎች አንዱን ጥያቄ አሥር ዓይነት ሲጠይቁ የሚሰበሰበው አኃዝ ምን ያህል እንደሚታመን የስታትስቲክስ መምህራን ሊያስቡበት ይገባል። ከዚህ የሚከፋው ግን ተማሪው የሕዝቡን የበሽታ ቃላት እንደ አላዋቂነት ቆጥሮ ማለፉ ነው። ምች መታኝ የሚል ገበሬ፣ የልጇ ተቅማጥ ጥርስ ሊያወጣ ስለሆነ ነው የምትል እናት፣ ግግ ለማስወጣት ሕፃን ይዛ የምትሄድ አያት አንድ አንድ ንድፈ ሐሳብ ይዘው ነው የሚመጡት። እናቲቱ ተቅማጡን የጥርስ ካለችው ሕይወት አድን የተባለውን ንጥረ ነገር በጥብጣ ለመስጠት ምክንያት የላትም፤ የሚያልፍ ነገር ነውና። ይህን ሳያውቁ «ግንዛቤ መፍጠር» የሚለውን ሐረግ በሪፖርት ላይ መጻፍ ዋጋ የለውም። ሐረጉ በመስክ ጥራዞች ውስጥ የመብዛቱን ያህል ማን ምን እንደ ተገነዘበ የሚናገር አንቀጽ እምብዛም አይገኝም።

የመስክ ትምህርቱ ለመንደሩ ያለው ዋጋም መመርመር አለበት። ለከተማ ቅርብ የሆኑና መኪና የሚደርስባቸው ቀበሌዎች በተደጋጋሚ ይመረጣሉ። በአንድ ቤት በተለያዩ ዓመታት የልጆች ቁጥር፣ የክትባት ካርድ፣ የመጸዳጃው ሁኔታ ይጠየቃል፤ መልሱ ተጽፎ ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ግን የለም። የቤቱ ባለቤት በአራተኛው ዓመት መጸዳጃ አለን ብሎ ቢሸኛቸው ሊወቀስ አይገባም። በጅማ የተዘረጋው መርሕ በመሠረቱ ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነበር፤ ጥናቱን ያደረገው ቡድን ችግሩን በቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ከሕዝቡ ጋር አቅዶ፣ አንድ ነገር ሠርቶ እንዲወጣ ያዝዛል። መርሑ የሚፈተነው ግን ተማሪ በበዛበት፣ መኪናና ነዳጅ ባጠረበት፣ የመስክ አበል በዘገየበት ሰሞን ነው። በዚያን ጊዜ በመጀመሪያ የሚቆረጠው ሕዝቡ ዘንድ ተመልሶ መነጋገሩ ነው። ነጥብ የማይሰጥበት እርሱ ነውና።

ማስተካከያው ከገንዘብ ይልቅ የምዘና ቅጹን የሚነካ ነው። የመስኩ ነጥብ ለሁለት ቢከፈል፣ ግማሹ ለጽሑፉ፣ ግማሹም ተማሪው ያገኘውን ውጤት ለመንደሩ ሰዎች በቋንቋቸው ቆሞ ላስረዳበት ስብሰባ ቢሰጥ፣ ስብሰባው መካሄዱ አይቀርም። መዛኞቹ መምህሩ ብቻ ሳይሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የቀበሌው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርም ቢሆኑ፣ 60 ተማሪ ለአንድ ተቆጣጣሪ የመሆኑ ችግር በከፊል ይቃለላል። በዚያ ቀበሌ ባለፈው ዓመት የነበረው ቡድን የተወው ጥራዝ ለአዲሱ ቡድን መነሻ እንዲሆንና ምን እንደ ተለወጠ እንዲጠየቅ ማድረግም ወጪ የለውም። የመውጫ ፈተናው ኮምፒዩተር ላይ መቆየቱ ካልቀረ፣ ቢያንስ የአንድ ቀበሌ ሠንጠረዥና የውኃ ቦታ ካርታ አቅርቦ «መጀመሪያ ማንን ታነጋግራለህ?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ሊጨመርበት ይችላል።

በ2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ደምቢያ ላይ ኮሌጅ ያስከፈተው በሽታ ከ70 ዓመት በኋላም የመስክ ባለሙያ ይሻል። መድኃኒቱና የምርመራ መሣሪያው ከያኔው እጅግ የተሻለ ነው። አጎበሩን እህል ለማስጫ የሚያደርገውን ቤተሰብ የማነጋገሩ ሥራ ግን በመሣሪያ አልተተካም።

ትምህርት ቤቶች በዚህ ውስጥ ያላቸው ቦታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የዓይን ማዝ የሚጸናባቸው ሕፃናት ከፊሎቹ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ በየቀኑ ፊታቸውን የሚያየው መምህሩ ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩዎች ለማስተማር ልምምድ፣ የጤና መኮንን ተማሪዎች ለመስክ ትምህርት በአንድ ወረዳ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀበሌ ይሰማራሉ። የፊት መታጠቢያውን ጣሳ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ አብረው ሊሰቅሉት፣ ተማሪዎቹ በሳምንት ስንት ቀን እንደ ታጠቡ አብረው ሊመዘግቡት ይችሉ ነበር። የሁለቱ ተቋማት የልምምድ ሳምንታት ግን በአብዛኛው የሚወጡት በተለያዩ ጽሕፈት ቤቶች፣ በተለያዩ የጊዜ ሰሌዳዎች ላይ ነው፤ አንደኛው ቡድን ቀበሌውን ሲለቅ ሌላው ገና አልደረሰም።